ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሳትለኩ አትሹን!

ጅማ ውስጥ ሕመም ሁሉ ጅማት ሆኗል። ማጅራት ጨመደደ? ጅማት ነው። ራስ ከበደ? ጅማት ነው። ዓይን ብዥ አለ? እሱም ጅማት ነው! መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ቅባት፣ ጠንካራ አውራ ጣትና «ትንሽ ቻለው» የምትል ማጽናኛ።

ጎበዝ፣ ወጌሻን ለማንኳሰስ አልተነሳሁም። በቡና ወቅት አጋሮና ሊሙ ላይ 60 ኪሎ ጆንያ በጫንቃው ሲያመላልስ የዋለ ወዛደር ማታ ልታሽ ቢል ማን ይፈርድበታል? ከማለዳ ጀምራ ቡና ስትለቅም የዋለች እናትስ? ይታሹ! የእኔ ሙግት ስለ ደም ግፊት ሳይጠይቁ የሰው አንገት ላይ ከሚሰፍሩት ጋር ነው፤ ወጌሻም ይሁን፣ ማሳጅ ቤትም ይሁን፣ ፀጉር አስተካካይም ይሁን።

ለምን ቢባል፣ ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም 1.4 ቢሊዮን ያህል አዋቂዎች ደም ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት ግን አያውቁም። ስለዚህ ደንበኛው «ደህና ነኝ» ሲል እየዋሸ አይደለም። አያውቅማ!

ደግሞ «ማሳጅ ደም ግፊት ያድናል» የሚሉን አሉ። አያድንም። ለስለስ ያለ ማሸት ሰውነትን ያረጋጋል፣ ግፊቱንም ለጊዜው ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በቃ፣ ይኸው ነው! ታሽቶ ቀለል ስላለው አምሎዲፒኑን የጣለ ሰው ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት በሽታ በሩን ከፈተ ማለት ነው። በሌላ በኩል «ደም ግፊት ያለበት ጭራሽ አይታሽ» የሚሉትም ተሳስተዋል። ግፊቱ በመድኃኒት የተስተካከለ ሰው ሐኪሙን አማክሮ በቀስታ ቢታሽ ነውር የለውም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ፣ ትርታው በጣት በሚዳሰስበት ቦታ፣ ደም ወደ አንጎል የሚወስዱ ቧንቧዎች አሉ። እዚያ ላይ አጥብቆ መጫን የልብ ምት አዘግይቶ ሰውን ራሱን ሊያስተው ይችላል። ፀጉር ከተቆረጥን በኋላ አንገታችንን «ቀጭ» የሚያደርጉልን ወንድሞችም ይስሙ፤ ብዙ ጊዜ ባይደርስም ቧንቧ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ እግሩ ብቻ አብጦ የሚያቃጥለው ሰው ደሙ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ወጌሻ አይሂድ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ታሽቶ እንዳበቃ ዘሎ አይነሳ፤ ያዞረዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሐጂ፣ ግፊትዎን ተለክተዋል? መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? መለኪያ የሌለው ደንበኛውን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይላክ። ሲለካም ቡና እንደጠጡ ወይም ጫት እንደቃሙ አይሁን፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ከቡናው በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ ማለት ነው። ቁጥሩ 180/120 ከደረሰ ማሸት የሚባል ነገር የለም! የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለበት ደግሞ ቁጥርም ሳይጠበቅ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

«እኛ ሐኪም አይደለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኛስ መቼ አክሙን አልን? እንድትጠይቁን ነው። ቡና ያለ ሚዛን የማይገዛ አገር ሰውን ያለ መለኪያ እንዴት ያሻል?