የሮብሰን አውራጃ ትምህርት

የዘርና የቋንቋ ልዩነት በራሱ የጠብ ምንጭ ነው የሚል አባባል በየዘመኑ ይደመጣል። አባባሉ ከእውነት ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ ለመመርመር፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት የምትገኘውን የገጠር አውራጃ ሮብሰንን እንመልከት።

በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ116 ሺህ በላይ ሕዝብ በተመዘገበባት በዚህች አውራጃ ከጠቅላላው ሕዝብ ግማሹን የሚሞላ አንድም ወገን የለም። ላምቢ የተባሉት የአገሩ ነባር ተወላጆች በቁጥር ይቀድማሉ፤ ነጮችና ጥቁሮች ይከተላሉ፤ ከላቲን አሜሪካ የፈለሱ ቤተሰቦችም ከነዋሪው አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናሉ።

ይህን ሕዝብ የከፋፈለው ተፈጥሮ ሳይሆን ሕግ ነበር። በ1835 የተሻሻለው የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ነጭ ላልሆኑ ነጻ ሰዎች የመምረጥ መብት ነፈገ። ኋላም ለነጩ፣ ለጥቁሩና ለነባሩ ተወላጅ ሦስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ቆሙ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ቡድን በማክስተን አጠገብ ላምቢዎችን ሊያስፈራራ ተሰበሰበ፤ ይሁን እንጂ በመቶዎች የሚቆጠሩ ላምቢዎች ደርሰው በተኑት።

ሕጉ ቢሻርም ልማዱ በሥራ ቦታ ቀጠለ። በአጎራባቿ ብላደን አውራጃ በ1992 የተከፈተው የስሚዝፊልድ የአሳማ ማረጃ ፋብሪካ ከሮብሰንም ሠራተኞች ይቀጥር ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በ2000 እንደ ዘገበው፣ ጥቂቶቹ ነጮች በአብዛኛው መካኒክ ወይም ተቆጣጣሪ ሲሆኑ፣ ጥቁሮችና ሜክሲካውያን ግን በቆሻሻውና በከባዱ ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። እንዲህ በተከፋፈለ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ባልደረባውን እንደ ተቀናቃኝ ቢያይ አያስደንቅም፤ ከዚህ የሚጠቀመው ግን አሠሪው ብቻ ነው።

በ1994 እና በ1997 በተደረጉት ምርጫዎች የሠራተኛ ማኅበሩ ተሸነፈ። ኩባንያው በምርጫዎቹ ሕግ መጣሱን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 አጸና። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፍልሰተኞችን መባረር በመቃወም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በዲሴምበር 2008 ደግሞ ማኅበሩ 2,041 ለ1,879 በሆነ ድምፅ አሸነፈ፤ በ2009ም የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ጸና።

ልብ እንበል፤ የድምፁ ብልጫ 162 ብቻ ነበር። ይህም ኅብረቱ ሙሉ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሆኖም ጥቁሩ፣ ላምቢው ወይም ፍልሰተኛው ከማኅበሩ ጎን ባይቆም ኖሮ ያቺ ጠባብ ብልጫ አትገኝም ነበር ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ልንገነዘበው የሚገባን ቁም ነገር ግልጽ ነው። የብዙ ወገኖች በአንድ አካባቢ መኖር ጉዳት አይደለም፤ የሚጎዳው ልዩነቱን ለደመወዝና ለማዕረግ መደልደያ የሚያደርገው አሠራር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በየቀበሌውና በየፋብሪካው ጎረቤታችንን በዘሩ ከመመዘናችን በፊት፣ መለያየታችን ማንን እንደሚጠቅም እንጠይቅ።