«ቤቶች!» ሳይል የሚገባ እንግዳ

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አካባቢ እንግዳ ወደ ሰው ግቢ ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል መልስ እስኪሰማ ድረስም እግሩን ወደ ውስጥ አያነሣም። ሥርዓቱ ለድኻውም ለባለጸጋውም አንድ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ እንኳ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ወደ ላይ እንዲወጣ ፈቃድ እስኪደርሰው ድረስ አልዩ አምባ ላይ መቀመጥ ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ግን በየኪሳችን ሳይጠራ ዘው የሚል እንግዳ ስላለ፣ በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር አሰብን። ስሙ ብቅ ባይ መስኮት ይባላል።

አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር አንድ ድረ ገጽ ከፍተን ማንበብ ስንጀምር፣ በምናነበው ጽሑፍ ላይ ሌላ ትንሽ ገጽ ድንገት መጥቶ ይደረባል። አንዱ «ሽልማት ደርሶሃል» ይላል፤ ሌላው «ስልክህ በቫይረስ ተበክሏል» ብሎ ያስደነግጣል፤ ሦስተኛው «ማሳወቂያ እንድልክልህ ፍቀድልኝ» እያለ ይለማመጣል።

ነገሩን እንድናነሣ ያስገደደን በጎረቤታችን ላይ የደረሰው ነው። እኚህ ሰው በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ፣ ፊደል የቆጠሩ፣ ልጆቻቸውን በትጋት የሚያሳድጉ አባት ናቸው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን የልጃቸውን ነጥብ ለማየት ቸኩለው፣ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን አንድ ገጽ ከፈቱ። ገጹም «ፍቀድ» የሚል መስኮት አቀረበላቸው፤ ፈቀዱ። ሌላም መጣ፤ እርሱንም እሺ አሉት። ውጤት ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልካቸው ሌሊት ሳይቀር በማስታወቂያ ይንጫጫ ጀመር፤ እርሳቸውም መዝጊያውን መፈለግ ሲሰለቻቸው፣ ፊት ለፊት ያገኙትን ሁሉ ሳያነቡ መጫን ለመዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለዚያችው ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ 3,000 ብር በስልክ ሲልኩ አንዲት አኀዝ ተሳሳቱ። ስልኩ እንደ ደንቡ የተቀባዩን ስም አውጥቶ ይላክ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ስሙ የልጃቸው ሳይሆን የማያውቁት ወንድ ስም ነበረ። እርሳቸው ግን አላዩትም፤ ጣታቸው የለመደውን አደረገ። «ስሙን አላነበቡትም ኖሯል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ይህ ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም ቀኑን ሙሉ እሺ እላለሁ፤ የእውነቱ ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ በምን ልወቅ?» አሉን። ገንዘቡን የተቀበለውም ሰው ከብዙ ልመና በኋላ ግማሹን መለሰላቸው።

ይህ መልሳቸው እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። የመጥፎ መስኮት ክፋቱ ንባብን ማቋረጡ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ከዚያ የሚብሰው፣ እጃችንን ያለ ዐይናችን እንዲሠራ ማስለመዱ ኖሯል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚያነብለት ያጣል።

በጥንት ዘመን በገበያ መካከል ነጋሪት ሲጎሰም ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ ጆሮውን ይሰጥ የነበረው፣ ነጋሪት በየሰዓቱ ስለማይጎሰም ነው። ጨው ሻጩ ሁሉ ነጋሪት ይዞ ቢወጣ ኖሮ አዋጁን ማን ይሰማው ነበር?

ስለዚህ መስኮትን ሁሉ በጅምላ አንነቅፍም። እንደ ቴሌብር ባለው አገልግሎት ገንዘብ ከመተላለፉ በፊት የተቀባዩን ስምና የብሩን ልክ አሳይቶ የሚያስቆመው መስኮት የነጋሪት ወገን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒዩተር መፈተን ጀምረዋል፤ እንዲህ ባለው ፈተና ላይ «ያልመለስኸው ጥያቄ አለ፤ ታስረክባለህን?» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት እንደ ደግ ፈታኝ ይቆጠራል። የሚያቋርጠን ለእኛው ጥቅም ነው፤ ያውም በጊዜው፣ ባጭር ቃል።

የዚህ ነገር አባት ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው ኢታን ዙከርማን ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ትሪፖድ በሚባል ድርጅት ሲሠራ፣ አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውር ካለበት ገጽ ላይ ተለጥፎ በማየቱ ተቆጣ። ዙከርማንም ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሥራው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሠሩት ነገር እንዲህ የሚጸጸቱ ብልኀተኞች ብዙ አይደሉም። ማይክሮሶፍትም በ2004 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ መከላከያ ካኖረ ወዲህ የቀድሞው ዐይነት መስኮት ተዳክሟል፤ የዛሬው ግን በራሱ በገጹ ላይ ስለሚሣል ያ መከላከያ በቀላሉ አይዘውም።

ክፉውን ከደጉ ለመለየት እኛ የምንመለከተው መውጫውን ነው። እሺ የሚለው ቁልፍ ትልቅና ብሩህ ሆኖ፣ እምቢ የሚለው እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት አንሶ በማዕዘን ከተደበቀ፣ ጠያቂው ፈቃዳችንን ሳይሆን ድካማችንን ፈልጓል ማለት ነው። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጠባቂ ባለሥልጣንም በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ኩኪ የሚባሉትን ተከታታይ ምልክቶች ለመቀበል አንድ ጊዜ መጫን ሲበቃ፣ ላለመቀበል ግን ብዙ ጊዜ መጫን ያስፈልግ ነበርና። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ ለመጠቀም ከሚያበቁት ምክንያቶች አንዱ የባለቤቱ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል።

አዋጁ ግን በየሳሎኑ ገብቶ ስልካችንን አይይዝልንም። ድረ ገጽ የሰውን ስልክ መርምሮ «ቫይረስ አለበት» ሊል እንደማይችል ልጆችም አረጋውያንም ይወቁ። እንዲህ ያለ መስኮት ሲመጣ በውስጡ ያለውን ቁልፍ መጫን ሳይሆን ገጹን እንዳለ መዝጋት ይበጃል። ቀድሞ የተፈቀደውንም መልሶ መከልከል ይቻላል፤ በክሮም አሳሽ «ቅንብሮች» ከሚለው ገብቶ «የጣቢያ ቅንብሮች»፣ ቀጥሎም «ማሳወቂያዎች» የሚለውን መክፈት ነው።

ባለፈው እሑድ ማታ ከጎረቤታችን ቤት ተቀምጠን ይህንኑ አደረግን። ፈቃድ የተሰጣቸው ዐሥራ አንድ ገጾች አገኘን፤ ከእነርሱ መካከል እርሳቸው የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ልንከለክል ስንል ስልኩ «ማገድ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጣታቸውን አንሥተው ሳሉ ቆም አሉና፣ «ትንሽ ይታገሡኝ» ብለው መነጽራቸውን እንድታመጣ ልጃቸውን ላኩ።