ወደ ኋላ የሚመለሰው ክር

አንባቢ ሆይ! በቤትዎ ያለው የውሃ ጀሪካን ከምን እንደ ተሠራ ጠይቀው ያውቃሉን? ስሙ ፖሊኤቲሊን ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል በሺህ የሚቈጠሩ የካርቦን አቶሞች የተቀጣጠሉበት ረጅም ክር ነው።

ጨውና ስኳር ከውሃ ሲለዩ ክሪስታል እንደሚሆኑ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ቅንጣቶቻቸው ትንንሾች ስለሆኑ እንደ ጡብ ይደረደራሉ። እንደ ክር የረዘመው ግን እንዴት አድርጎ ይሰለፋል? የቀድሞዎቹ መጻሕፍት፣ አንዱ ክር በብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች ውስጥ እያቋረጠ ያልፋል ይሉ ነበር።

በ1957 እ.ኤ.አ. የሀንጋሪ ተወላጅ የሆኑት አንድሩ ኬለር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ፖሊኤቲሊን ዛይሊን በተባለ ትኩስ ፈሳሽ አሟሙተው እንዲቀዘቅዝ አደረጉ። ቅርጻቸው የተስተካከለ ስስ ቅጠሎች የሚመስሉ ክሪስታሎች ተገኙ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ ውፍረታቸው 10 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያህል ነበር። የኤሌክትሮኑ ጨረር ደግሞ ክሮቹ በቅጠሉ ውስጥ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አሳየ።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። 10,000 ካርቦን ያለው ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ 1,270 ናኖሜትር ያህል ይረዝማል። ቅጠሉ 10 ናኖሜትር ብቻ ከሆነ የቀረው ወዴት ሄደ? ለኬለር የታያቸው መልስ አንድ ነበር፤ ክሩ ከቅጠሉ ፊት ሲደርስ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገናም ይወጣል፤ ይህንም ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋግማል። ሸማኔ ማጉን ከዳር እስከ ዳር እየወረወረ እንደሚመልሰው ማለት ነው።

ለምን ይታጠፋል ቢሉ፣ ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋ ይበልጥ የጸና ክሪስታል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ለመዘርጋት ጊዜ አያገኝምና በቶሎ የሚሆንለትን ያደርጋል። በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ሲረጋ ግን እጥፉ ረዘም፣ ቅጠሉም ወፈር ይላል።

የሚያስገርመው፣ በአሜሪካ የቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ስቶርክስ በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ ሌሎች ፖሊመሮች ይህንኑ የመታጠፍ ሐሳብ ጽፈው ነበር፤ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው 19 ዓመት አለፈ። ከ1957 በኋላም ቢሆን ነገሩ ያለ ክርክር አልቀረም። በ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፖል ፍሎሪ፣ ክሩ እንደ ስልክ ማዞሪያ ሽቦ ከወጣበት ርቆ ይገባል እንጂ በአጠገቡ አይመለስም ብለው ተከራከሩ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ለሁለቱም ድርሻ ተገኘላቸው፤ ከፈሳሽ በተለየው ክሪስታል አብዛኛው ክር በአጠገቡ ይመለሳል፤ ቀልጦ በረጋው ግን ሥርዓቱ ይላላል።

ተማሪ ወዳጄ፣ ኬለርን ወደ እውነቱ የመራቸው ስሌት ከአንድ ማካፈል አይበልጥም። መጽሐፉና መለኪያዎ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ መለኪያውን ለመጣል አይቸኩሉ።