የኋላው ዐይን ሲታወር

መኪና የገዛ ክርስቲያን ከኹሉ አስቀድሞ ወደ ደብሩ ወስዶ ጸበል ያስረጨዋል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጸሎትና ጥንቃቄ አብረው የሚሄዱ ናቸውና በዚህ ወር ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፥ ከኋላ ታርጋው በላይ ስለምትቀመጠው ካሜራ፥ ጥቂት ቃል እንናገራለን። እርሷ ስትበላሽ ብዙ ቤተ ሰብ «ድሮስ ያለ እርሷ ይነዳ አልነበረምን?» እያለ ለወራት ይተዋታል። መተው የማይገባበትን ምክንያት፥ ቀጥሎም ገንዘብ ሳይባክን የምትጠገንበትን መንገድ በተራ እናመለክታለን።

ድሮ ያለ ካሜራ መነዳቱ እውነት ነው፤ ይኹን እንጂ የጭነት መኪና ነጂ ረዳት ነበረው። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ እየቆመ «ና! ና! በቃ!» ይለዋል። የቤት መኪና ግን ረዳት የለውም። ስፖኪዮው ጎን ለጎን ያለውን እንጂ ከኋላ መከላከያው ሥር የተቀመጠውን ሕፃን አያሳይም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 በአሜሪካ አገር አንድ የሕፃናት ሐኪም መኪናውን በቤቱ ደጃፍ ወደ ኋላ ሲነዳ ካሜሮን ጉልብራንሰን የተባለው የኹለት ዓመት ልጁ ከኋላ መኖሩን ሳያይ ቀረ፤ ሕፃኑም ሞተ። በ2008 በዚሁ ሕፃን ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮም በዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ኹሉ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖረው ግድ ኾነ። እንግዲህ ካሜራዋ ለጌጥ የመጣች አይደለችም።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በዝዋይ፥ ለዚህች ዕቃ የሚያስቸግራት አቧራው ነው። አዳማ የነፋስ ኀይል ማመንጫ የቆመባት አገር እንደ መኾኗ ነፋሷ አቧራውን ከየስንጥቁ ያስገባዋል፤ የቈላው ፀሐይም ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለውን ጎማ ያደርቀዋል። ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ መዠመር አለበት።

በመጀመሪያ ሌንሱን በእርጥብና ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ደረቅ አቧራን በደረቅ ጨርቅ ማሸት መስተዋቱን ይቧጭረዋል። ምስሉ ከተጠረገም በኋላ በጉም እንደ ተሸፈነ ከቀረ ውስጡ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በኀይለኛ የውሃ ግፊት ከማጠብ የሚመጣ ስለ ኾነ አጣቢውን ማስጠንቀቅ ይገባል።

ኹለተኛ፥ ምስሉ ጨርሶ ከጠፋ፥ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ተከፍቶ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎ የኋላ ማርሽ ይግባ፤ ሌላ ሰውም በጎን ቆሞ ነጩን የኋላ መብራት ይመልከት። በብዙ መኪና ካሜራዋን የሚያስነሣት ለዚህ መብራት የሚሄደው ኤሌትሪክ ነው። መብራቱም ካልበራ ጥፋቱ ከካሜራዋ ሳይኾን ከፊውዙ ወይም ከማርሹ ስዊች ሊኾን ይችላል። የተቃጠለ ፊውዝ በዚያው ቍጥር ባለው ይተካል እንጂ በሽቦ አይተካም፤ በሽቦ መተካት እሳት መጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፥ መብራቱ በርቶ ምስሉ ግን ከጠፋ ወይም መጣ ሄደ ከኾነ፥ ወደ ኋላው በር ማጠፊያ መመልከት ነው። በጎማ ተሸፍኖ በዚያ የሚያልፈው ሽቦ በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል። በሩን ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሱት ምስሉ ከተመለሰ ጥፋቱ ተገኘ፤ ባለሙያው በዚያ ያለውን ሽቦ በጥቂት ብር ይቀጥለዋል። ምስሉ መስመር መስመር እየሠራ የሚንቀጠቀጥ ከኾነ ደግሞ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል።

አራተኛ፥ ይህ ኹሉ ደኅና ከኾነ ባለሙያው ካሜራዋ ዘንድ የሚደርሰውን ኤሌትሪክ በቴስተር ይለካ። ኤሌትሪኩ እየደረሰ ምስል ከሌለ፥ የሚሠራ ሌላ ካሜራ ለጊዜው አያይዞ ማየት ነው፤ በዚያ ከሠራ አዲስ መግዛት ይገባል። ከፋብሪካ ከመጡት ካሜራዎች 6 ቮልት ብቻ የሚወስዱ አሉና እንዲህ ያለውን ከ12 ቮልት ጋር ማያያዝ ያቃጥለዋል። ሳይለካ «ካሜራው ሞቷል፥ አዲስ ግዙ» የሚልን ሰው «በምን ዐወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ በየግቢው የኤሌትሪክ መኪና በዝቷል። በእነዚህ ውስጥ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ወፍራም ሽቦ ሕይወት የሚያጠፋ ኀይል ስለሚሸከም ያልተማረ ሰው ፈጽሞ አይንካው።

ካሜራዋ ብትጠገንም ሙሉ እምነት የሚጣልባት አይደለችም። ሌንሷ ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ የተሠራ በመኾኑ ቅርቡን አርቆ ያሳያል፤ በጎንም የሚሮጥን ልጅ ዘግይታ ታሳያለች። ስለዚህ ነጂው ከመግባቱ በፊት መኪናውን ይዙር፤ ከቤተ ሰቡም አንዱ ትንንሾቹን በእጁ ይያዝ። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስንጓዝ፥ በየደብሩ ደጃፍም ሕዝብ በተጨናነቀ ጊዜ፥ አንድ ሰው ወርዶ እንደ ጥንቱ ረዳት ይምራ።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ማንም ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ፥ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የዘመናችን ሰገነት መኪናችን ነው፤ መከታውም የጠራ ሌንስ፥ የተቀጠለ ሽቦና ከመቀመጫው ለመውረድ የማይታክት ነጂ ነው። ልጆቻችንን ለሰጠን አምላክ ይህን ያህል ትጋት ማቅረብ አይብዛብን።