ያልሰጡንን አገልግሎት ሒሳብ አንከፍልም



አንድ የአርዲቦ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ኪሎ ዓሣ ከሸጠላችሁ በኋላ «እስከ ነገ ያልበላችሁትን መልሼ እወስዳለሁ» ቢላችሁ፣ በሐይቅ ከተማ ገበያ መሳቂያ በሆነ ነበር። በአብዛኛው የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅል ግን ይኸው ሥራ ንግድ ተብሏል፤ ቀኑ ሲያልፍ የከፈልንበት ትርፍ ይወሰዳል።

የባሰው መስመሩ ራሱ ሲዘጋ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። የዘጋው መንግሥት ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም አብዛኛው ድርሻም የመንግሥት ነው። ሻጩና ዘጊው አንድ ቤት ሆነው ሳለ «ከአቅም በላይ ነበር» የሚለውን መከራከሪያ አንቀበልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1771 ውል ያልተፈጸመለት ወገን እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ለአንድ ጥቅል ዋጋ ጠበቃ ቀጥሮ ደሴ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን ነው? ይህን እነሱም ያውቃሉ።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠቃሚውን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። እኛ ስንመረጥ መስመር በተዘጋበት ቀን ሁሉ የጥቅል ቆጠራ እንዲቆም፣ ወርሃዊ ሒሳብም መስመሩ በሠራባቸው ቀናት ልክ ብቻ እንዲጠየቅ በሕግ እናስደነግጋለን፤ ተመላሹም ደንበኛው ማመልከቻ ሳይጽፍ ይከፈለዋል።