ቅቤ ሻጯም የማኅበሩ ጉዳይ ናት

በየገጠሩ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጠው ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርትና እንስራ የሚሸጡ ሰዎች በገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ስማቸው የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ግብር በሰፊው ይመከራል፤ እነርሱ ግን ቢነሡም የሚነሡት መንገድ ዘጉ ወይም የቦታ አልከፈሉም ተብለው ነው። ይህ አመለካከት መታረም ይኖርበታል። አዝመራው ሲከዳ ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው መኸር የሚቆየው በዚያችው በትንሿ ንግድ ነውና።

የአነስተኛ ነጋዴ ችግር ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው የዋጋ ማነስ ነው ይላል። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን ሻጩን ይበልጥ የሚጎዳው ዋጋው በወረደበት ቀን ለመሸጥ መገደዱ ነው። የበቆሎ ገበያ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርቱ በተከታታይ አማረ። ጎተራው ሞላ፤ ዋጋው ግን በአንዳንድ አካባቢ የአጨዳና የማጓጓዣ ወጪን እንኳ ወደማይሸፍንበት ደረጃ ወረደ፤ በማሳ ላይ የቀረ በቆሎም ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ደግሞ አዝመራው እንደገባ መከፈል ስለነበረበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ወጣ። በሚቀጥለው ክረምት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ መግዛቱን ቀነሰ፤ በዚያው ላይ ዝናቡ ጎደለ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ለረሃቡ ዋነኛው ምክንያት ድርቁ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ድርቁ ሲመጣ የገበሬውን ኪስ ባዶ አድርጎ የጠበቀው ያ ገበያ ነበር።

በትንሿ ንግድም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የዶሮ እርባታን መመልከት ይበቃል። እናቲቱ በታቀፈች በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ የአገር ዶሮ ጫጩት ለገበያ እስኪደርስ ግን አምስትና ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ለፋሲካ የሚሸጠው አውራ ዶሮ በጥቅምት፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠው በመጋቢት መፈልፈል አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የደረሰ ዶሮ ገዢው ጥቂት ነው፤ እህሉን ግን መብላቱን አይተውም። ሙስሊሙ በሚበዛበት አካባቢ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ የአምናው ወር ለዘንድሮ አያገለግልም። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ለጋውን የሚመርጥ ገዢ ቢኖርም፣ በጾም የረከሰውን ቅቤ አንጥሮ ለበዓል ማቆየት እንደሚቻል የማታውቅ ባለሙያ ሴት የለችም። የሚጎድላት ዕውቀት ሳይሆን ዛሬ ለጨውና ለጋዝ የምትሆን ጥቂት ብር ናት።

እዚህ ላይ ነው ማኅበሩ የሚፈለገው። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ የመንደሩን ዶሮ ጠራርጎ ይሄዳል፤ ወሬው ሲሰማም ሁሉም ዶሮውን ይዞ ወደ ገበያ ስለሚሮጥ የተረፈውም ያለ ዋጋ ይሸጣል። የፈንግል ክትባት አለ። ነገር ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠም በኋላ የማይቆይ በመሆኑ አምስት ዶሮ ላላት ሴት ብቻ ተብሎ አይከፈትም። የመንደሩን ዶሮ ቆጥሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን የሚጠራ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ከበላይ የሚመጣ መመሪያ መጠበቅ አያሻም።

ገንዘቡንም በተመለከተ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። እቁብ አለ፤ ዕጣው ግን በችግር ቀን ይውጣ አይውጣ አይታወቅም። እድርም አለ፤ ለሞተ ሰው እንጂ ለሞተ ዶሮና ለበሰበሰ ሽንኩርት አይደርስም። በየገበያ ቀኑ ጥቂት ብር እየተዋጣ፣ በአባላቱ ፊት እየተቆጠረ፣ ቅቤዋን በርካሽ ከመሸጥ ለሚያድናት ሴት ለሁለት ወር የሚበደር ሣጥን ማቋቋም ይቻላል። ቁልፉ ሻጮቹ ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች እጅ ቢሆን ይመረጣል። ሊቀ መንበሩ ዘንድ የተቀመጠ ሣጥን ብዙም ሳይቆይ የመዋጮና የድግስ ማሟያ ይሆናል።

አንዳንድ ማኅበራት ደግሞ ደላላውን እናስወግድ በሚል ንግዱን ራሳቸው ይዘው ከስረዋል። እስከ 1982 ዓ.ም. በቆየው የኮታ አሠራር ማኅበራት የለመዱት በተቆረጠ ዋጋ እህል ማስረከብን ነበር፤ ገዢ መፈለግ የእነርሱ ሥራ አልነበረም። ያ ልማድ በብዙ ቦታ አሁንም አልለቀቀም፤ ስንት ኩንታል ገባ ይባላል እንጂ ለአባሉ ስንት ብር ተረፈው አይባልም። ደላላውም ቢሆን መኪና ያመጣል፣ የከተማውን ዋጋ ያውቃል። ዋጋውን ሻጩም እንዲያውቀው ከተፈለገ በገበያው ዋዜማ ወደ ቅርቡ ከተማ ስልክ ደውሎ ጠይቆ በገበያው መግቢያ ማሳወቅ ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለ ሻጮቹም ጥፋት መነገር አለበት። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት እየተገኘ ገዢው መንደሩን በሙሉ ሸሽቶ ወደ ሌላ ገበያ የሄደበት ጊዜ አለ። አንዲት ሴት ያጠፋችውን ሃያ ሴቶች ይከፍሉታል። በገበያው መካከል አንድ ትክክለኛ ሚዛን ማቆም፣ የቀላቀለውንም በሻጮቹ ሸንጎ ፊት አቅርቦ መቅጣት የማኅበሩ መሪዎች ሥልጣን የማያንሰው ሥራ ነው። ሚዛኑ ከጥር በፊት ቢቆም፣ እህሉ በብዛት ለሚወጣበት ሰሞን ይደርሳል።