የሚሮጥ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር

ልጅ ሮጦና ዘሎ፥ ኳስም መትቶ ማደጉ መልካም ነገር ነው። እስፖርት ልብንና ሳንባን ያበረታል፤ አጥንትን ያጠነክራል፤ ከጓደኛ ጋራ መስማማትን፥ ሲሸነፉም መታገሥን ያስተምራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሜዳ እንዲያስቀሩ የሚመክር አይደለም። የሚመክረው ልጁ በሜዳው ላይ ብዙ ዓመት እንዲቆይ በቤት ሊደረግለት የሚገባውን ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው የልጅ አካል እንደ ትልቅ ሰው አካል አለመሆኑን ነው። በረዣዥሞቹ አጥንቶች ጫፍ አጠገብ አጥንቱ የሚያድግበት ስፍራ አለ፤ ይህም ስፍራ ገና ያልጠነከረ ስለ ሆነ በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ ነው። ትልቁን ሰው ለወለምታ ብቻ የሚያበቃው አወዳደቅ በልጁ ላይ ይህን ስፍራ ሊሰብረው ይችላል። ስፍራው ጠንክሮ የሚዘጋው በብዙዎቹ ሴቶች ልጆች በ14 ወይም በ15፥ በወንዶቹ በ16 ወይም በ17 ዓመት ገደማ ነው።

ሳይወድቁም ከድካም ብዛት የሚመጣ ሕመም አለ። ከጉልበት በታች በቅልጥም ራስ ላይ ያለው ጉብታ ያብጣል፥ ሲነኩትም ያማል። ይህን ሕመም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. የቦስተኑ ሐኪም ኦስጉድና የዙሪኩ ሐኪም ሽላተር ለየብቻቸው ጽፈው ስለ ገለጹት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንደዚሁም ብዙ የሚሮጡ ልጆችን ተረከዛቸውን ያማቸዋል። ሁለቱም ድካሙ ሲቀነስ የሚሻሉ፥ ዕድገት ሲፈጸምም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፉ ናቸው። በድካም ብዛት የተሰነጠቀ አጥንት ግን ዕረፍት ካላገኘ ፈጽሞ እስከ መሰበር ይደርሳል።

ችግሩ ልጁ ሕመሙን መደበቁ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10000 ሜትር የወርቅ ሜዳይ ካገኘች ወዲህ፥ በአገራችን የቤተ ሰቡን ኑሮ በእግሩ ለማቅናት ተስፋ የሚያደርግ ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ «አመመኝ» ቢል ከቡድኑ የሚያስወጡት ይመስለዋል። ወላጅም «ይለመዳል» ሲለው አፉን ፈጽሞ ይዘጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

ለመከላከል የሚጠቅመው እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ከጨዋታ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ ነው። በኖርዌይ አገር ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1892 እግር ኳስ ተጫዋች ልጃገረዶች ተመርምረው፥ ውጤቱ በ2008 ታትሞ ነበር፤ 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ መሮጥን፥ ጡንቻን ማጠንከርንና በአንድ እግር መቆምን በተለማመዱት ዘንድ ከባድ ጉዳት ካልተለማመዱት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ፈጽሞ ማረፍ ነው። የልምምዱም ሰዓት በሳምንት ከልጁ ዕድሜ እንዳይበልጥ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ይኸውም የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት በላይ አይለማመድ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ሩጫውን በጥቂት በጥቂቱ እንጂ በአንድ ጊዜ አለማብዛት ነው። አራተኛ፥ በቂ ምግብና ውሃ መስጠት ነው። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጃገረድ አጥንቷ ይደክማል፤ የወር አበባዋ ቢቋረጥ ይህ ምልክት ስለ ሆነ እናት ወደ ሐኪም ልትወስዳት ይገባል።

ጉዳት ቢደርስ ልጁ ወዲያው ጨዋታውን ይተው። ያበጠውን ስፍራ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፥ እግሩንም ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማል። አዲስ ጉዳትን ማሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ ግን እብጠቱን ያብሰዋል። ራሱን ተመትቶ የዞረበት ወይም ያስመለሰው ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። እግሩን መርገጥ ያልቻለ ወይም አጥንቱ የጎበጠ ልጅም በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድ ያስፈልጋል።

ወጌሻ በየሰፈሩ የሚከበር ባለ ሙያ ነው። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በጠባብ ማሰሪያ ተጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሥጋውም ሞቶ አካሉ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች በአገራችን ሐኪም ቤቶች ታይተዋል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢደነዝዙ ወይም መልካቸው ቢለወጥ፥ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታና ልጁ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ «አሸነፍህን?» ከማለታችሁ በፊት «የሚያምህ ነገር አለን?» ብላችሁ ጠይቁት። አለ ቢላችሁም አትቆጡት። አንድ ወር ያረፈ ልጅ ወደ ሩጫው ይመለሳል፤ ሕመሙን ደብቆ የሮጠው ግን ሩጫውን ከነአካቴው ሊያጣ ይችላል።